የሞተ ስልክ፣ ያበጠ ባትሪ፣ የተሰበረ አምፖል፦ ጎጃም ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን በአግባቡ የማስወገድ መመሪያ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ሞጣ፣ የማንኛችንም ቤት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ጀርባ ቢፈተሽ አንድ የማይሠራ ዕቃ አይታጣም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የተቃጠለ ሪሲቨር፣ ቻርጅ መያዝ ያቆመ የሶላር ፋኖስ፣ ገመዱ የተላጠ ቻርጀር፣ ሽቦው የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ብዙ ሰው «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ማስቀመጡ ክፋት የለውም፤ ይህ መመሪያም የሚነሣው ከዚሁ ልማድ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ዕቃው ያለ ሥርዓት ከቤት ሲወጣ ነው፦ ከጓሮ ጥራጊ ጋር ተደባልቆ ገደል ሲጣል፣ መዳቡ እንዲገኝ ሲቃጠል፣ ልጆች በድንጋይ ሲፈረካክሱት፣ አሲዱ አጥር ሥር ሲደፋ።

ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ ሳይፈቱ፣ ሳይረጥቡና ሳይቃጠሉ እስከቆዩ ድረስ ሰውን አይጎዱም። መርዙ የሚወጣው ሲሰበሩ ወይም እሳት ሲነካቸው ነው። ስለዚህ መሰብሰቢያ ጣቢያ በአቅራቢያው ለሌለው ቤተሰብ ትልቁ ሥራ ዕቃውን እንዳለ፣ ደረቅ ቦታ፣ በየዓይነቱ ለይቶ ማቆየት፣ ከዚያም ከጎረቤት ጋር አጠራቅሞ ተገቢው እጅ ላይ ማድረስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ እንደዋለ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ጎጃም ከዚህ ቁጥር ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ቢሆንም ያለንበት ቦታ ግን ቸል የሚባል አይደለም። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ ከጮቄ ተራራ ወርደው ዓባይ ይገባሉ፤ ግልገል ዓባይ ከሰከላ ግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣናን ይመግባል። ከከተማችን ጀርባ ያለው ገደል ውስጥ የምንጥለው ባትሪ ክረምት ሲገባ በጎርፍ ተጠርጎ ከብት የሚጠጣበት፣ መስኖ የሚጠለፍበት ወንዝ ውስጥ ይገኛል። ባትሪ ውስጥ ያሉት እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ደግሞ እንደ ፍግ በስብሰው አፈር የሚሆኑ ነገሮች አይደሉም፤ ከገቡበት መሬት አይጠፉም።

በመጀመሪያ፦ በእርግጥ ሞቷል ወይ?

ከሁሉም የተሻለው ቆሻሻ ያልተፈጠረው ነው። ዕቃው ከመወገዱ በፊት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይየው። በጥገና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው በመሆኔ ለሙያዬ የማዳላ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን «አለቀለት» ተብለው ከሚመጡት ዕቃዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚድኑ ናቸው። መብራት ሲመለስ በሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅ የተመታ ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ብዙውን ጊዜ የተቃጠለበት ኃይል የሚቀበለው ክፍል ብቻ ነው፤ አንድ ፊውዝ ወይም ሁለት ያበጡ ካፓሲተሮች ሲቀየሩ ይነሣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ሲበጠስ ሽቦ ብቻ ይቀየራል፣ ሸክላው ሲሰነጠቅም ሸክላው ብቻ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የሶላር ፋኖስ ነው። ፓነሉ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል፣ አምፖሉ ደኅና ሆኖ ሳለ የውስጡ ባትሪ ስለደከመ ብቻ ፋኖሱ እንዳለ ይጣላል። ባትሪውን በተመሳሳይ ዓይነትና በተመሳሳይ ቮልት ቀይሮ መልሶ ማብራት ይቻላል።

ፍሪጅና ቴሌቪዥን ያላችሁ ሰዎች የኃይል መዋዠቅን የሚከላከል መሣሪያ ግዙ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ስልክና ኮምፒውተር ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ዛሬ ስልክ የባንክ ደብተርም የፎቶ አልበምም ነው፤ ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሞባይል ባንኪንግም ከዚያ በፊትና በኋላ በገጠር ሰው ኪስ ውስጥ ገብተዋል። «አይሠራም» ተብሎ የተሸጠ ስልክ አንድ ስክሪን ሲቀየርለት ሙሉ መረጃውን ይዞ ይነሣል።

ስልኩ የሚበራ ከሆነ ፎቶዎቻችሁንና የስልክ ቁጥሮቻችሁን ወደ ሌላ ስልክ ወይም ፍላሽ አዛውሩ። ከቴሌብር፣ ከባንክ መተግበሪያዎች፣ ከቴሌግራምና ከፌስቡክ ውጡ። ከዚያ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የጉግል ወይም የአፕል አካውንታችሁን አስወግዱ። ይህን ሳታደርጉ ስልኩን ብታጸዱት ቀጣዩ ባለቤት ሲከፍተው የእናንተን የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል፤ ሊያገለግል ይችል የነበረ ስልክም በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ቁርጥራጭ ክምር ይሄዳል። በመጨረሻ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱት፣ ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጡ። የማትጠቀሙበትን ሲም በአገልግሎት ማዕከል ቀርባችሁ አዘጉት፤ ከዚያ ቢጫውን ብረት በመቀስ ሁለት ቦታ ቁረጡት።

ስልኩ የማይበራ ከሆነ የምታምኑት ጥገና ቤት ወስዳችሁ መረጃውን ፊታችሁ ላይ እንዲያጠፋው ጠይቁ። ካልተቻለ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ ስልኩን ለሚያፈርሰው እንጂ ለሚሸጠው ሰው አትስጡ። ስልኩን በመዶሻ መምታት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ውስጡ ባትሪ አለ።

በኮምፒውተር ላይ ፋይል መሰረዝም ሆነ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ብዙውን ጊዜ መረጃውን ፈጽሞ አያጠፋውም፤ በቀላል ፕሮግራም መልሶ ሊገኝ ይችላል። የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው የሌላ ሰው ምስጢር ነው። ሃርድ ዲስኩ በሙሉ በሌላ መረጃ እንዲሸፈን በሚያደርግ ፕሮግራም ይጽዳ፤ ዲስኩ የማይሠራ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ በመሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ ይበሳ።

በየዓይነቱ መለየት

አንድ ካርቶን ውስጥ ሁሉንም መክተት ቀላል ቢመስልም እሳት የሚነሣው እንዲህ ባለ ካርቶን ውስጥ ነው፤ የባትሪ ጫፍ ከሽቦ ጋር ሲነካካ ይግላል። ቢያንስ አራት ማስቀመጫ ያስፈልጋል። አንዱ ለባትሪዎች ብቻ፣ አንዱ ለአምፖሎች፣ አንዱ ለትናንሽ ዕቃዎች ማለትም ለስልክ፣ ለቻርጀር፣ ለሪሲቨር፣ ለገመድና ለሪሞት። ትልልቆቹ፣ ማለትም ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተርና ፍሪጅ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

ቦታው ጣሪያው የማያፈስ፣ ከማድ ቤት የራቀ፣ የእህል ጎተራ ያልሆነ፣ ልጆች የማይደርሱበት ይሁን። የማዳበሪያ ከረጢት ለገመድ ጥሩ ነው፣ ለባትሪ ግን አይሆንም። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደያዘና መቼ እንደተጀመረ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ የሚከፍተው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

ባትሪ

ጊዜ ወስጄ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ከሁሉም ዕቃ ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ባትሪ ነውና።

የመኪናና የትልቅ ሶላር ባትሪ ውስጡ እርሳስና የሰልፈር አሲድ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ ለዚህም ነው ገዢ የማያጣው። እርሳሱ ተመልሶ አዲስ ባትሪ መሆን ይችላል፤ ሥራው ግን የፋብሪካ እንጂ የጓሮ ሥራ አይደለም። አንዳንድ ገዢ «አሲዱን ደፍታችሁ ባዶውን አምጡት» ይላል፤ አሲዱ መንገድ ላይ እንዳይፈስበት ነው። ይህን አትቀበሉ። የሚደፋው አሲድ የሟሟ እርሳስ ይዞ ነው የሚፈሰው፤ የጓሮ ጎመናችሁ፣ የውሃ ጉድጓዳችሁና የዶሮዎቻችሁ መጫሪያ እዚያው ነው። ባትሪው ክዳኑ ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ወፍራም የፕላስቲክ ገበቴ ወይም ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ይቀመጥ። ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍኗቸው። አሲድ ቢፈስ ጓንት አድርጋችሁ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፤ መፍላቱን እስኪያቆም ጠብቁና በደረቅ አፈር አንሥታችሁ በፕላስቲክ ዕቃ ዝጉት። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ እጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ከታጠበ በኋላ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው።

እርሳስ ለማቅለጥ ባትሪ የሚሰብር ሰው በሠፈራችሁ ካለ እንደ ጎረቤት ቀርባችሁ ንገሩት። ጭሱን እሱ ብቻ አይተነፍሰውም። ዱቄቱ በልብሱ፣ በጫማውና በእጁ ቤቱ ይገባል፤ ወለል ላይ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ሲወስድ አብሮ ይበላዋል። የእርሳስ መመረዝ በልጅ ላይ ትኩሳት የለው፣ ሽፍታ የለው፤ ትምህርት የማይገባው፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ደም ያነሰው ልጅ ሆኖ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። አንድ የተሰበረ ባትሪ የሚያስገኘው ጥቂት ብር ከዚህ ጋር ሊነጻጸር አይገባም።

የስልክ፣ የላፕቶፕ፣ የፓወር ባንክና የአዲሶቹ ፋኖሶች ባትሪ ደግሞ ሊቲየም ነው። የዚህ አደጋው እሳት ነው። የስልካችሁ ጀርባ ተነሥቶ ክፍተት ካሳየ፣ ስክሪኑ ከጎኑ ብቅ ካለ፣ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት የሚወዛወዝ ከሆነ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ወዲያው አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት። በተለይ «ጋዙ ይውጣለት» ብሎ በመርፌ የሚወጋውን ሰው አስቁሙት፤ በዚያች ቅጽበት ነው የሚነደው። ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ አውጡት፣ ካልሆነ ከነስልኩ ይሁን፤ ጫፎቹን በናስትሮ ሸፍናችሁ ደረቅ አሸዋ በተሞላ የቆርቆሮ ዕቃ ወይም አሮጌ የሸክላ ድስት ውስጥ ቅበሩትና ከቤት ውጭ፣ ዝናብና ፀሐይ ከማይነካው ቦታ አኑሩት። ክዳኑን አጥብቃችሁ አትድፈኑት፤ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ጤነኛ የሆኑት አሮጌ የስልክ ባትሪዎችም በናስትሮ ተሸፍነው እንዲሁ ይቀመጡ። ጭስ ማውጣት ከጀመረ ሰዎችን ከክፍሉ አስወጡ፤ ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ ነው። ትንሽ ባትሪ ከሆነና ራሳችሁን ሳታጋልጡ መድረስ ከቻላችሁ አሸዋ ወይም ብዙ ውሃ ድፉበት።

የራዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ላይ ደግሞ የቆየ ልማድ አለብን። ገጠር የተማርን ሰዎች ጥቁር ሰሌዳው እንዴት ይታደስ እንደነበር እናውቃለን። ተማሪው ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከቤቱ ያመጣል፣ በድንጋይ ይቀጠቅጠዋል፣ ውስጡ ያለውን ጥቁር ዱቄት ከውሃና ከተወቀጠ ቅጠል ጋር አዋሕዶ ሰሌዳውን በጨርቅ ይቀባዋል። እጅና ፊት ጠቁሮ ይዋላል። መምህራኑ ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ያ ጥቁር ዱቄት ግን በአብዛኛው ማንጋኒዝ የሚባል ብረት ውሕድ ነው፤ በብናኝ መልክ ሲተነፈስ ነርቭ ይጎዳል፤ በድሮዎቹ ድንጋዮች ውስጥ መርዛማዎቹ ሜርኩሪና ካድሚየምም ነበሩ። ዛሬም ይህን የሚያደርግ ትምህርት ቤት ካለ የወላጅ ኮሚቴው አንድ ቆርቆሮ የሰሌዳ ቀለም ይግዛ። ያለቀው ድንጋይ ሳይቀጠቀጥ፣ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ፣ ምድጃ ውስጥም ሳይገባ ክዳን ባለው ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ይጠራቀም። ድንጋዩ የፈሰሰ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት።

የተሰበረ አምፖል

ጠመዝማዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ከዓመታት በፊት መብራት ኃይል በገፍ ሲያድለው ወደየቤቱ ገባ፤ ዛሬም በየቢሮው ከረጃጅሞቹ ነጭ አምፖሎች ጋር አለ። ሁለቱም ውስጥ ጥቂት ሚሊ ግራም ሜርኩሪ አለ። አሁን የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ አምፖል ሜርኩሪ የለበትም፤ ስትቀይሩ እሱን ግዙ።

ሙሉውን አምፖል በገባበት ካርቶን ወይም በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ማጠራቀም በቂ ነው። ሲሰበር ግን ሩጫ ወደ መጥረጊያ መሆን የለበትም። ልጆችን አስወጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። ከዚያ ጓንት ወይም በእጅ ላይ የተጠለቀ ፌስታል አድርጋችሁ ስባሪውን በሁለት ጠንካራ ካርቶን አፍሱት። የቀረውን ብናኝ በናስትሮ ወይም በፕላስተር እያጣበቃችሁ አንሡ፣ ወለሉን በእርጥብ ሶፍት ጥረጉ። ሁሉንም፣ ሶፍቱንና ናስትሮውን ጨምሮ፣ ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ክተቱት። መጥረጊያ ብናኙን አየር ላይ ይበትነዋል፤ የኤሌክትሪክ ጠራጊም እንዲሁ። አልጋ ልብስ ላይ ከተሰበረ የነካውን ጨርቅ ከሌላ ልብስ ጋር አትጠቡት።

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ገመድ

ከኋላው የሚወፍረው የድሮ ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን እርሳስ ሊኖር ይችላል። መስታወቱ እስካልተሰበረ እርሳሱ እዚያው ታስሮ ይኖራል። የሚሰበረው ከጀርባው ለተጠመጠመው መዳብ ሲባል ነው፤ ቱቦው ውስጥ አየር ስለሌለ ሲመታ ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስባሪው ይበተናል። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ካቻቢቴ ይዛችሁ አትክፈቱት፤ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አስቀምጡት።

ፍሪጅ ላይ የምለው አጭር ነው፦ ቱቦውን አትቁረጡ። የድሮው ጋዝ የኦዞን ንብርብርን ይጎዳል፣ የአዲሶቹ አንዳንዱ ጋዝ ደግሞ ይቀጣጠላል። ጋዙን በመሣሪያ የሚያወጣ የፍሪጅ ባለሙያ ይጠራ። ፍሪጁን በረንዳ ላይ የምታቆዩት ከሆነ በሩን ነቅላችሁ አውጡ፤ ልጅ ሲጫወት ውስጡ ገብቶ ሊቆለፍበት ይችላል።

ገመድ ማቃጠል በየከተማው ዳር የሚታይ ሥራ ሆኗል። ከፕላስቲኩ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ዳዮክሲን የሚባል፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ይዟል፤ ጭሱ ሣር ላይ ያርፋል፣ ላሟ ትግጠዋለች፣ በወተት ስብ ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ እኛው ይመለሳል። መዳቡን የሚፈልግ ሰው ገመዱን በርዝመቱ በቢላ ሰንጥቆ መላጥ ይችላል፤ እንዲህ የተላጠ መዳብ እሳት ስላልነካው ንጹሕ ነው፣ በዋጋም ይሻላል። ቀጭኑን ገመድ እንዳለ ለገዢ ስጡት።

ከቦርድ ላይ፣ ማለትም በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ካለው የክፍሎች ሰሌዳ ላይ፣ ወርቅ ስለማውጣት የሚነገረውን ብዙ ወጣት ይጠይቀኛል። እውነት ነው፣ አንድ ቶን ስልክ ውስጥ ያለው ወርቅ አንድ ቶን የማዕድን አፈር ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ስልክ ውስጥ ያለው ግን የአንድ ግራም ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፤ እሱን ለማውጣት የሚያገለግሉት ናይትሪክ አሲድና ሳያናይድ ደግሞ ሰው የሚገድሉ ናቸው። ቦርዱን ሳትነኩ ሽጡት።

ለማን ይሰጥ?

መጀመሪያ የሚታሰበው ጥገና ቤት ነው። የእናንተ የሞተ ስልክ ለሌላው ስልክ ስክሪን፣ ካሜራ ወይም የቻርጅ መግቢያ ይሆናል። ሲሰጡ «የማይሆነውን ቦርድና ባትሪ የት ታደርሰዋለህ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ «እጥለዋለሁ» ካለ ባትሪውን መልሳችሁ ውሰዱ።

ሁለተኛው ቁራሌው ነው። ብረቱን፣ አልሙኒየሙንና መዳቡን ከየሠፈሩ አጠራቅሞ መርካቶ ድረስ የሚያደርሰውን መረብ የሚያንቀሳቅሱት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ የመርካቶው ምናለሽ ተራ አሮጌውን አዲስ እያደረገ የኖረው በእነሱ ድካም ነው። በክብር አነጋግሯቸው። የሚያቃጥልና የማያቃጥል ገዢ ግን ይለያያል፤ ዋጋው ትንሽ ቢቀንስም ዕቃውን እንዳለ ለሚወስደው ሽጡ። ባትሪ ሲሰጥ ሳይደፋ፣ አምፖል ደግሞ ለእነሱ ባይሰጥ ይሻላል፤ ትርፍ ስለሌለው መንገድ ላይ ይጣላል።

ሦስተኛው ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ናቸው። በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች የሚለማመዱበት አሮጌ ሪሲቨርና ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። ዝም ብላችሁ ጭናችሁ አትሂዱ፤ ቀድማችሁ የክፍሉን ኃላፊ አነጋግሩ፣ የሚፈልጉትን ዝርዝር ተቀበሉ። የማይፈልጉትን ማራገፍ ቆሻሻን ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ማዛወር ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ መንገዱ ሌላ ነው። በየንብረት ክፍሉ ጣሪያ የነካው የሞተ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ክምር እዚያ የቀረው በክፋት አይደለም፤ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 የገባን ዕቃ ያለ ሥርዓት ማስወጣት ስለሚያስጠይቅ ነው። የማስወገድ ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፣ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ባለሙያ እያንዳንዱን አይቶ «የሚጠገን»፣ «ለመለዋወጫ የሚሆን»፣ «የሚወገድ» ብሎ ይለየው፣ ሲወጣም በሞዴል 22 ይውጣ። ለጨረታ ሲቀርብ ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው ብቻ እንዳይወስደው ገዢው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለመያዝ ፈቃድ ያለው መሆኑን የጨረታው ሰነድ ላይ ቅድመ ሁኔታ አድርጉት። ለዚህ የሕግ መሠረት አላችሁ፦ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እና የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010። ለቤተሰብም ቢሆን የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንድንለይ አዝዞ ነበር።

አብሮ ማጠራቀም

አንድ ቤት የሚያጠራቅመው ለማጓጓዣ አይበቃም፤ አንድ ዕድር ግን ይበቃል። ዕድር ድንኳንና ወንበር የሚያስቀምጥበት ቤት አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ሰው በወር ይሰበሰብበታል። ከስብሰባው በአንዱ «ባትሪና አሮጌ ስልክ ይዛችሁ ኑ» ማለት አዲስ ተቋም መፍጠር አይጠይቅም። ሐሳቡን ለዳኛው ስታቀርቡ ከመርዙ አትጀምሩ፤ የሚሸጠው መዳብና ባትሪ ለዕድሩ ሣጥን ገቢ እንደሚሆን አስቀድሙ፣ የልጆቹን ጤና አስከትሉ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ያለው ትምህርት ቤትም ይህን ሊያስተባብር ይችላል፤ ነገር ግን ተማሪዎች ያደራጁ፣ ይመዝግቡ እንጂ ባትሪና አምፖል በእጃቸው አያጓጉዙ፣ ምንም ነገር አይፍቱ።

ጊዜው በጋ ይሁን። ከመስከረም ወዲህ መሰብሰብ ተጀምሮ ከሰኔ ዝናብ በፊት ጭነቱ መውጣት አለበት፤ የረጠበ ቦርድና ባትሪ ይዝጋል፣ ይፈሳል። ከመሰብሰባችሁ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ክፍልና ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ፈቃድ ያለው ሰብሳቢ ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። በአገር ደረጃ በአዲስ አበባ አቃቂ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚፈታበት ማዕከል ተቋቁሟል፤ ከደብረ ማርቆስ ወደዚያ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ መቀበላቸውን በስልክ ሳታረጋግጡ መኪና አትከራዩ። ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ማግኘት ወጪውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። መንገድ ካልተመቸ ዕቃው ደረቅ ቦታ እንዳለ ይቆይ፤ ቸኩሎ ገደል መጣል አማራጭ አይደለም።

ሲጫን ባትሪ ከታች፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንዳይንሸራተት በጣውላ ታጥሮ ይሁን። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ከነአሸዋው ይጫን፤ ሰው በሚሳፈርበት አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ግን ፈጽሞ አይላክ። አምፖሎች ከሁሉም በላይ፣ ምንም ሳይጫናቸው። ሸራ ይልበስ። ሾፌሩ ምን እንደጫነ ይወቅ፤ አሲድ ቢፈስ ምን እንደሚያደርግ ይነገረው፣ አንድ ከረጢት ደረቅ አሸዋና አንድ ጀሪካን ውሃ ይሰጠው። የጫናችሁትና ዕቃውን የነካችሁ ሁሉ ምግብ ከመቅመሳችሁና ልጅ ከማቀፋችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሳችሁን ለብቻው እጠቡት።

ጸሐፊው ሦስት ቅጂ ዝርዝር ያዘጋጅ፦ ስንት የመኪና ባትሪ፣ ስንት ስልክ፣ ስንት ቴሌቪዥን፣ ስንት ኪሎ ገመድ። አንዱ ለሾፌሩ፣ አንዱ ለተቀባዩ፣ አንዱ ተቀባዩ ፈርሞበትና ማኅተም አድርጎበት ለዕድሩ ፋይል ይመለሳል። የተፈረመው ቅጂ ካልተመለሰ ዕቃው የት እንደደረሰ ተከታተሉ፤ ለዚያ ሰብሳቢም ሁለተኛ ጭነት አትስጡት።